«ጣሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ?» የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሙሌሽን ውጤት ማንበቢያ ፕሮግራም ለመሥራት ላሰበች እህት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ስለ ሕንፃ ብዙም አላውቅም። ወንድሜ ደሴ ውስጥ አንድ የዲዛይን ቢሮ ይሠራል። ሕንፃዎችን ኮምፒውተር ላይ በመሬት መንቀጥቀጥ ይፈትናሉ። ውጤቱ ግን በመቶ የሚቆጠር ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ ኤክሴል ላይ እየገለበጡ ሲያነቡት ያመሻሉ። ይህን የሚያቀልል ፕሮግራም ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ሕንፃው ሲወዛወዝ የሚያሳይ ባለቀለም አኒሜሽን ልጀምር? ወይስ ከሌላ ቦታ ልነሣ? ጽሑፉስ በአማርኛ ቢሆን ይሻላል?»

አብሽሪ እህቴ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከኮምቦልቻ ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል። እኔ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ የወሎን ሕንፃዎች ስሠራና ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ አንቺ ያሰብሽውን ዓይነት ትንንሽ ፕሮግራሞች እጽፋለሁ። ስለዚህ የወንድምሽንም ድካም፣ ያንቺንም ጉጉት አውቀዋለሁ። መልሴ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

በአኒሜሽኑ አትጀምሪ። እሱ የመጨረሻው ሥራሽ ይሁን። ለምን እንዲህ እንደምል የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት የአንድ ጂ+6 ሕንፃ ሞዴል ሠርቼ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈተንኩት። ሞዴሉ በኒውተንና በሚሊ ሜትር ነበር። የመንቀጥቀጡ ሬከርድ፣ ማለትም በመሣሪያ የተመዘገበው የመሬት ንዝረት፣ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ሬከርዶች በመሬት ስበት ብዜት የተጻፈ ነው። ወደ ሚሊ ሜትር ለመለወጥ በ9810 ማባዛት ነበረብኝ። እኔ በ9.81 አባዛሁት። መንቀጥቀጡ 1000 ጊዜ ደከመ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ምንም አላለኝም። ስዕሉን ስከፍተው ሕንፃው አምሮበት ይወዛወዛል፤ ታቹ ሰማያዊ፣ ላዩ ቀይ። የስዕል ፕሮግራሙ እንቅስቃሴውን በዓይን እስኪታይ ድረስ በራሱ ያጎላዋል። ቀለሙንም ከትንሹ ቁጥር እስከ ትልቁ ይዘረጋዋል። ትልቁ ቁጥር የፀጉር ውፍረት ቢያክልም ቀይ ሆኖ ይታያል።

ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ስዕል ለሰው አሳየሁ። በአራተኛው ቀን በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ መሐንዲስ መጡ። ስዕሉን ዐይተው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ጣሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩ ስዕሉ ላይ የለም። ፋይሉን ከፍቼ ፈለግኩት። 0.08 ሚሊ ሜትር። ደነገጥኩ። ያ ሕንፃ ሰው የሚገባበት፣ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነው። እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ ያንን ወረቀት ፈርሜ እሰጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምጽፈው ፕሮግራም ሲከፈት መጀመሪያ የሚያወጣው ያንን ቁጥር ነው። ጣሪያው ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ፣ በስንተኛው ሰከንድ፣ በየትኛው ሬከርድ። በትልልቅ ፊደል፣ ከነመለኪያው።

ነገሩ ለወሎ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም የተቀመጡት የአፋር ቆላ ከደጋው በሚለይበት ጠርዝ ላይ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.5 ገደማ ነበር። ማጀቴን አፈረሳት። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ሰርዶ ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያነቃንቅ ሁላችንም ሰምተናል። በካራቆሬው ዘመን የነበሩ አባቶች ስለዚያ ሲያወሩ የሚያስታውሱት የጭቃ ቤት ነው። ዛሬ ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ስትሄጂ ግራና ቀኙ ጂ+4፣ ጂ+5 ነው። ያው መንቀጥቀጥ ቢመለስ የሚያገኘው ሌላ ከተማ ነው።

የሕንፃ ኮዳችንም ተለውጧል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢቢሲኤስ 8 ካርታው የተሠራው በ100 ዓመት አንዴ ይመለሳል በሚባል መንቀጥቀጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና የአውሮፓውን የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ፣ ዩሮኮድ 8ን፣ የተከተለው ስታንዳርድ 475 ዓመትን ይጠቀማል። በ50 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የመድረስ ዕድሉ 39 በመቶ ገደማ ነው፤ የሁለተኛው 10 በመቶ። ሁለተኛው ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ኃይለኛ ነው። የካርታው ትልቁ የመሬት ፍጥንጠት ቁጥርም ከስበት 0.1 ወደ 0.2 እጅ ከፍ ብሏል። ስለዚህ አንድ ውጤት በየትኛው ኮድና ለየትኛው መንቀጥቀጥ እንደተሠራ ገጹ ላይ ካልተጻፈ ቁጥሩ ለምንም አይጠቅምም። ቢሮ ውስጥ የድሮና የአዲስ ፕሮጀክት ፋይል በአንድ ፎልደር ተቀላቅሎ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ዐይቻለሁ። ፕሮግራምሽ ይህንን ሳይሞላ አላልፍም ይበል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ገጽሽ ሞዴሉ የሚታመን መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ይሁን። የሕንፃ ሙያ ስለሌለሽ አትስጊ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሒሳብ ቀላል ነው።

ክብደቱን አስቀድሚ። አንዱ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) 200 ካሬ የሆነ ጂ+4 ኮንክሪት ሕንፃ ከነግድግዳው በካሬ ሜትር 11 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይመዝናል እንበል። አምስቱ ሶሌታ 11,000 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ሞዴሉ 1,100 ወይም 110,000 ካለሽ የሆነ ቦታ ዜሮ ጠፍቷል ወይም ተጨምሯል። ቀጥሎ ፔሬዱን አምጪ። ፔሬድ ማለት ሕንፃው አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ዩሮኮድ 8 ለኮንክሪት ፍሬም ፈጣን ግምት አለው። ቁመቱን በሜትር ወስደሽ ወደ 0.75 ፓወር ታወጪውና በ0.075 ታባዢዋለሽ። 15 ሜትር ለሆነ ሕንፃ 0.57 ሰከንድ ይሰጥሻል። ሞዴሉ 0.9 ቢል አይገርመኝም፤ ብሎኬት ግድግዳ ያልገባበት ሞዴል ልል ይሆናል። 18 ሰከንድ ካለ ግን ክብደቱ በ1000 ተሳስቷል። ፔሬድ በክብደቱ ስኩዌር ሩት ስለሚሄድ የ1000 ስሕተት 32 ጊዜ ገደማ ሆኖ ይወጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከግምታቸው ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጪ፣ ወንድምሽ ገና ሲከፍተው ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ቁጥር እንምጣ። እኛ መሐንዲሶች ከሁሉ በላይ የምናየው ድሪፍትን ነው። አንዱ ፎቅ ከበታቹ ካለው ፎቅ ምን ያህል በአግድም ሸሸ? ያንን በፎቁ ቁመት ታካፍዪዋለሽ። ኮለን የሚሰበረው፣ ብሎኬት የሚሰነጠቀው፣ በር አልከፈት የሚለው በዚህ ነው። ሕንፃው በጅምላ 10 ሴንቲ ሜትር መሄዱ ያን ያህል ላይጎዳው ይችላል። ያ 10 ሴንቲ ሜትር በአንድ ፎቅ ላይ ብቻ ከተከመረ ግን አደጋ ነው።

እዚህ ላይ ኤክሴል ላይ በየቀኑ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህንን እንድታስተካክዪላቸው ነው። አንድ የቢሮ ልጅ የአንደኛውን ፎቅ እንቅስቃሴ ፋይል ይከፍታል። ማክስ የሚለውን ፎርሙላ ይጽፋል፤ 48 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የሁለተኛውን ፎቅ ይከፍታል፤ 62 ይወጣል። ይቀንሳል፤ 14 ሚሊ ሜትር። የፎቁ ቁመት 3 ሜትር ነው። ዩሮኮድ 8 ቶሎ የሚሰነጠቅ ግድግዳ ላለው ሕንፃ፣ ደጋግሞ ሊመጣ በሚችለው አነስተኛ መንቀጥቀጥ 0.5 በመቶ ይፈቅዳል፤ ይህም 15 ሚሊ ሜትር ነው። ልጁ «አልፏል» ብሎ ይጽፋል።

ነገር ግን 48 የወጣው በ9.1ኛው ሰከንድ ነው፤ 62 የወጣው በ8.4ኛው። ሁለቱ አልተገናኙም። በ7.9ኛው ሰከንድ አንደኛው ፎቅ 20 ላይ፣ ሁለተኛው 47 ላይ ነበሩ። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተፈቀደው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ በየቅጽበቱ መቀነስ፣ ከዚያ ትልቁን መፈለግ ነው ትክክሉ። ለአንቺ አንድ መስመር ፕሮግራም ነው። ቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን አንድ ፎቅ ነው።

ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ ስሕተቱ ግን እውነተኛ ነው። የጻፈውም ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከመቶ ፋይል ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑ አዋጅ ሆኖበት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ አማካይ ነው። አንድ መንቀጥቀጥ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ሕንፃውን በብዙ ሬከርድ እንፈትነዋለን። ዩሮኮድ 8 ቢያንስ በ7 ሬከርድ ከሠራሽ አማካዩን ውሰጂ ይላል። ከ7 ካነሰ የከፋውን ትወስጃለሽ፤ ከ3 ማነስ ግን አይፈቀድም። አሁን ከሰባቱ አንዱ መሐል ላይ ቆመ እንበል። ሬከርዱ 40 ሰከንድ ነው፤ ትንተናው በ11ኛው ሰከንድ አልገፋ አለ። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የሒሳቡ ዘዴ ተጨናንቋል፣ ወይ ሕንፃው በእርግጥ እየወደቀ ነው። ሁለቱን መለየት የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ግን መቆሙን ማወቅ አለበት።

ፓይተን ላይ በፓንዳስ የምትሠሪ ከሆነ ልብ በዪ። ፓንዳስ አማካይ ሲያሰላ ባዶ የሆነውን ቦታ ሳይነግርሽ ይዘለዋል። የወደቀውን ሬከርድ ባዶ አድርገሽ ካስቀመጥሽው፣ የስድስቱን ጤነኞች አማካይ «የሰባቱ አማካይ» ብሎ ይሰጥሻል። ሕንፃውን የጣለው መንቀጥቀጥ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ነምፓይ በበኩሉ ባዶነቱን ሳይደብቅ ያወጣዋል፤ እዚህ ላይ እሱ ይሻላል። ኦፕንሲስ የሚባለው የመሬት መንቀጥቀጥ መፈተኛ ፕሮግራም ደግሞ ትንተናው በሰላም ካለቀ 0፣ ካልሆነለት ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመልሳል። ያንን ቁጥር ከውጤቱ ጋር አስቀምጪው። የተቀዳው ጊዜ ከሬከርዱ ርዝመት ካነሰም ገጹ አናት ላይ ይጻፍ፦ «ከ7 ሬከርድ 1 አልተጠናቀቀም፤ በ11.3ኛው ሰከንድ ቆሟል።»

አሁን ስዕል መሥራት ትችያለሽ። አንድ ስዕል ብቻ ሥሪ ብትዪኝ ይህንን እልሻለሁ። በቁም ፎቆቹን ደርድሪ፤ በአግድም ድሪፍቱን። ሰባቱ ሬከርዶች ሰባት ቀጭን መስመር፣ አማካዩ አንድ ወፍራም መስመር፣ የተፈቀደው ልክ አንድ የተቆራረጠ መስመር ይሁኑ። ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። መሐንዲስ ይህንን በአስር ሰከንድ ያነበዋል። መስመሮቹ ተቀራርበው ከሄዱ ውጤቱ ይታመናል። እንደ መጥረጊያ ከተበተኑ አማካዩን ብቻ ማመን ልክ አይሆንም። አንድ ፎቅ ላይ ሁሉም ተያይዘው ወደ ቀኝ ካበጡ ደካማው ቦታ እዚያ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ምድር ቤቱ ነው። ምክንያቱን መንገድ ላይ ቆመሽ ማየት ትችያለሽ። ከታች ሱቅ ነው። ሱቅ ግድግዳ አይፈልግም፤ በሩ ሰፊ ይሁን፣ መስታወቱ ይታይ ይላል። ከላይ ያሉት ፎቆች ግን መኝታና ቢሮ ስለሆኑ በብሎኬት ተከፋፍለዋል። ብሎኬቱ ላዩን ያጠነክረዋል፤ ታቹ በኮለን ብቻ ይቀራል። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ላይኛው እንደ አንድ ሳጥን ይሄዳል፤ ምድር ቤቱ ብቻውን ይታጠፋል። ችግሩ ብዙ ቢሮ ሞዴሉን የሚሠራው ግድግዳ ሳያስገባ መሆኑ ነው። ብሎኬት ክብደት ብቻ ይሆናል፤ ጥንካሬው አይቆጠርም። ያኔ ስዕሉ ላይ ሁሉም ፎቅ ተመሳስሎ ይታያል፤ እብጠቱ የለም።

ስለዚህ ፕሮግራምሽ ሁለት ሞዴል ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችል። ግድግዳ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው። ኮለኑ 30 በ40 የሆነው፣ ከዚያ 40 በ50 የተደረገው። ማወዳደሪያ ከሁሉም ባሕርያቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ መሐንዲስ ቀኑን የሚያሳልፈው «ይህን ብለውጥ ምን ይሆናል?» እያለ ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ ሞዴሉ መቼ እንደተቀየረ፣ ምን እንደተቀየረበት አብሮ ይቀመጥ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፎልደሮችን የወንድምሽ ኮምፒውተር ላይ እንደምታገኚ እርግጠኛ ነኝ። ያንን ችግር አንቺ ከእኛ በተሻለ ትፈቺዋለሽ።

ደሴ ላይ ሌላም አለ። ከተማዋ የጦሳ ተራራ ግርጌ ናት። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ሕንፃው በላይ በኩል አጭር ኮለን፣ በታች በኩል ረጅም ኮለን ይኖረዋል። መጠኑና ፌሮው አንድ ይሁን እንጂ ኮለን ሲያጥር ግትርነቱ በቁመቱ ሦስተኛ ፓወር ይጨምራል። 1.5 ሜትር የሆነው ከ3 ሜትሩ 8 እጥፍ ይገትራል። ስለዚህ ኃይሉን በብዛት የሚሸከመው አጭሩ ነው። ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ከታሰረ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ይህ በፎቅ አማካይ አይታይም፤ ፎቁ በጠቅላላ ደህና ይመስላል። ኮለን በኮለን፣ የደረሰበት ሸር (በአግድም የሚቆርጠው ኃይል) ከሚችለው ጋር ተካፍሎ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሮ መውጣት አለበት። ሰንጠረዥ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ አስሩ ኮለኖች ከታዩ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የመንገድ ማዕዘን ላይ ያሉ ሕንፃዎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በሁለቱ መንገድ በኩል ሱቅ ነው፤ በጀርባው በሁለት ወገን ድፍን ግድግዳ። እንዲህ ያለው ሕንፃ ይጠማዘዛል። የፎቁን መሐል ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ይህን አያየውም። አራቱን ማዕዘን አንብቢ። የከፋው ማዕዘን ከመሐሉ በምን ያህል እንደሚበልጥ አሳዪ። አኒሜሽኑ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። መጠማዘዝን በቁጥር ከማስረዳት አንዴ ማሳየት ይቀላል። ስትሠሪው ግን ማጉሊያው ስንት እጥፍ እንደሆነ ስዕሉ ላይ ሁልጊዜ ይጻፍ፤ «50 ጊዜ ጎልቷል» ተብሎ። የቀለሙም ልክ በራሱ እንዲዘረጋ አትፍቀጂለት። ዜሮና የተፈቀደው ልክ ላይ እሰሪው።

አንቺ ያለሽበት ኮምቦልቻ ደግሞ የአፈር ነገር አለ። ሐረጎን ወርደሽ ቦርከና ሜዳ ላይ ስትደርሺ መሬቱ ወንዝ ያመጣው አፈር ነው። ለስላሳ አፈር መንቀጥቀጥን ያጎላል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ የተጎዳችው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሣ መንቀጥቀጥ ነው። ከተማዋ በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ የተሠራች ናት። ጭቃው 2 ሰከንድ አካባቢ ያለውን እንቅስቃሴ አጎላው፤ ከዚያ ጋር የተስማሙት ሕንፃዎች ክፉኛ ተመቱ። ለዚህ ፕሮግራምሽ የሚያዋጣው ቀላል ነገር ነው። ስፔክትረም ማለት መንቀጥቀጡ የተለያየ ፔሬድ ያላቸውን ሕንፃዎች ምን ያህል እንደሚያናውጥ የሚያሳይ መስመር ነው። የሰባቱን ሬከርዶች ስፔክትረም ሳዪ፤ የኮዱን ስፔክትረም ደርቢበት፤ የሕንፃውን ፔሬድ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር አመልክቺ። መሐንዲሱ ሬከርዶቹ ለዚያ ሕንፃና ለዚያ አፈር ይመጥኑ እንደሆነ በአንድ ዓይን ያያል። የድንጋይ ላይ ሬከርድ ለቦርከና ሜዳ መጠቀሙንም ያኔ ይያዛል።

ስለ ፋይሉ ብዛት ትንሽ ልበል። 400 ኖድ (ቢምና ኮለን የሚገናኙበት ነጥብ) ያለው ሞዴል፣ እያንዳንዱ 6 እንቅስቃሴ፣ 4,000 የጊዜ እርምጃ ቢሆን 9.6 ሚሊዮን ቁጥር ነው። በ8 ባይት 77 ሜጋ ባይት ገደማ ለአንድ ትንተና ማለት ነው። ሰባቱን ሬከርድ በሁለት አቅጣጫ ለየብቻ ከሠራሽ 14 ትንተና፣ ከ1 ጊጋ ባይት በላይ። እንደ ጽሑፍ ፋይል ከተቀመጠ ደግሞ ይህን እጥፍ አድርጊው። ኤክሴል ይህን አይችለውም። አንዴ አንብበሽ ኤችዲኤፍ5 በሚባለው ለትልልቅ ቁጥሮች በተሠራው የፋይል ዓይነት ውስጥ አስቀምጪው። ከዚያ የሚፈለገውን ቁራጭ ብቻ አውጪ። ድሪፍቱንና ትልልቆቹን ቁጥሮች ቀድመሽ አስልተሽ አስቀምጪ፤ ገጹ ወዲያው ይከፈታል። የቢሮው ላፕቶፕ የቆየ ነው ብለሽ ሥሪ። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ሁሉ ነገር ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ ከቆመበት ይቀጥል። ቢሮው ኢታብስ የሚባለውን የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነም አትጨነቂ። ኢታብስ ውጤቱን በሰንጠረዥ ያወጣል፤ አንቺ ከዚያ ታነቢያለሽ። የሦስት አቅጣጫ ስዕሉን ከባዶ አትጻፊው፤ ፓራቪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ለእሱ በሚገባው መልክ ማውጣት ይበቃል።

ሕትመትን አትርሺ። ውጤቱ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ወረቀት ላይ ነው። ቢሮው ያለው ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሲታተሙ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ የግንባታ ፈቃድ ሊያወጣ የሄደ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ «የቱ ነው የተጎዳው?» ሲለኝ እኔም መለየት አቅቶኛል። የፓይተን ስዕል መሥሪያው ማትፕሎትሊብ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄት የሚባለውን የቀስተ ደመና ቀለም ትቶ ቪሪዲስ የሚባለውን መነሻ ያደረገው ለእንዲህ ያለው ችግር ነው። ቪሪዲስ ከጨለማ ወደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚሄድ ግራጫ ቢሆንም ይነበባል። ከዚያም በላይ ግን ቁጥሩን ስዕሉ ላይ ጻፊው።

አንድ ነገር በፍጹም አታድርጊ። ትልቅ አረንጓዴ ምልክት አድርገሽ «ሕንፃው አልፏል» አትበዪ። ብዙ ሰው ይህን ይጠይቅሻል፤ ባለሕንፃውም መሐንዲሱም። ያ ምልክት ሰውን ከማንበብ ያሳርፈዋል። በእሱ ፋንታ እያንዳንዱ ቁጥር ሲነካ ከየት እንደመጣ ይናገር፦ የትኛው ሬከርድ፣ ስንተኛው ሰከንድ፣ የትኛው ኮለን፣ የትኛው ፋይል። ፈርሞ የሚጠየቀው መሐንዲሱ ነው፤ ቁጥሩን ተከትሎ እስከ ምንጩ መሄድ መብቱ ነው።

ጀማሪ ሆነሽ እንዴት ትፈትኚዋለሽ? መጀመሪያ ከአንድ ኮለንና ከላዩ ካለ አንድ ክብደት የተሠራ ሞዴል ውሰጂ። መልሱ በእጅ ይሰላል፤ ፕሮግራምሽ ያንኑ ካላወጣ አትቀጥዪ። ቀጥሎ ወንድምሽን አንድ ያለቀ ፕሮጀክት ጠይቂው። አጠገቡ ቁጭ በዪና እንዴት እንደሚያነበው እዪ። አትናገሪ፤ ዝም ብለሽ እዪ። የትኛውን ፋይል ቀድሞ ይከፍታል? የት ላይ ወረቀት ያወጣል? የት ላይ በጣቱ እየቆጠረ ይወርዳል? ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው የመጀመሪያው ገጽሽ ያለው። በመጨረሻ ሆን ብለሽ የተበላሸ ፋይል ስጪው። በ1000 የተሳሳተ መለኪያ፣ መሐል ላይ የቆመ ትንተና፣ የተቀያየረ የፎቅ ቅደም ተከተል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልያዘው ገጹን እንደገና ሥሪው።

አማርኛውን በተመለከተ፣ እኔ ሁለቱንም ቀላቅዪ እላለሁ። ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታ፣ ድሪፍት፣ ፔሬድ እንደሚነገሩት በግዕዝ ፊደል ይጻፉ። ሰው የማይለውን ቃል ፈጥረሽ አታስቸግሪው። ማስጠንቀቂያው ግን ሙሉ አረፍተ ነገር ሆኖ በአማርኛ ይሁን፤ ፎርማኑም ባለሕንፃውም እንዲያነቡት። ማትፕሎትሊብ ላይ አማርኛ ስትጽፊ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ነው የሚወጣልሽ፤ አብሮት የሚመጣው ፊደል (ፎንት) ግዕዝን አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኚና ስሙን ራስሽ ጥሪለት። ፒዲኤፍ ስታወጪም ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አብሮ መግባቱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ አረጋግጪ። የወንድምሽ ቢሮ ውስጥ ያለውን የቆየ ላፕቶፕ ለዚህ ተጠቀሚበት።